ሃምሳውም ሰው ሎሚ ሲኖረው

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው” ይባላል። ይህን የተረተው ሎሚ ከገበያ የሚገዛ ሰው መሆን አለበት። ካፋ ውስጥ፣ ሺሺንዳ ላይ ከእንሰቱና ከቡናው መሃል አንድ ሁለት እግር ሎሚ ያላቆመ ጓሮ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሲያፈራም ለሁሉም በአንድ ሰሞን ነው። ጠዋት አንድ ፌስታል ሞልቶ ለጎረቤት የላከ ሰው ማታ ፌስታሉ ይመለስለታል፤ ውስጡ ሎሚ ነው፤ ያውም ከላከው የሚበልጥ።

*

ያደገ የሎሚ ዛፍ ከተመቸው በዓመት ከ1,000 ፍሬ በላይ ሊሰጥ ይችላል። አንድ ቤተሰብ በሳምንት 10 ሎሚ ቢጨርስ (ዶሮ የሚያዘወትር ቤት ነው ማለት ነው) በዓመት 520 ይሆናል። የቀረው የመሬት ነው። ዛፉ ሥር ወድቆ አረንጓዴ ሻጋታ ይለብሳል፣ በግ እንኳ አሽትቶት ያልፋል። ማንም አላዘነም፤ የወደቀው ሎሚ ነዋ! አንዲት እሸት ቡና ግን መንገድ ላይ ብትወድቅ ጎንበስ ብሎ የማያነሳት የለም።

*

ከቦንጋ ተነስቶ ወደ ሚዛን የሚሄድ መንገደኛ ውሽውሽን አልፎ ሺሺንዳ እስኪደርስ በመስኮቱ የሚያየው ሻይ፣ ደን፣ እንሰት፣ ቡና፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ነው። ሎሚ አያይም፤ ሎሚ ከቤት ጀርባ ነው። ቡናው ማኅበርም ዩኒየንም አለው፤ ቦንጋ ላይ ሙዚየም ተሠርቶለታል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብም ከፊት የቆመው የዱር ቡናው ነው። ማሩም ስም አለው። “የሎሚ ገበሬ ነኝ” የሚል ሰው ግን አልሰማሁም። ማን ተከለው ብለው ቢጠይቁ እንኳ መልሱ “ከጣልነው ፍሬ በራሱ የበቀለ ነው” ነው። ያላሰቡት ዛፍ ሲያፈራ ደግሞ ለፍሬው የታሰበ ነገር አይኖርም።

*

ጉሊት ላይ፦

“እናቴ፣ ሎሚውስ ስንት ነው?”

“አንተ ጎመኑን ውሰድ እንጂ፤ ሎሚውን እመርቅልሃለሁ።”

ከዚህ አዲስ አበባ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ሎሚ በፍሬ ተቆጥሮ ይሸጣል፤ ሻጯም ደረቁንና ውሃ የቋጠረውን አደባልቃ ትሰጣለች። መጋቢት 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር ከተሜው ወደ ነጭ ሽንኩርትና ወደ ሎሚ ሮጦ ዋጋውን ሰማይ አድርሶት ነበር። ያን ሰሞን የካፋ ጓሮ ሎሚ ምን ዋጋ እንደነበረው መገመት አይከብድም፤ በጎመን ላይ ይመረቅ ነበር።

ለምን አይጫንም? ያልተጫነው ሰው ስላላሰበበት አይመስለኝም። አይሱዙው ቦታውን የሚያከራየው በኩንታል ነው፤ ኩንታሉ ቡና ሆነ ሎሚ ኪራዩ አንድ ነው። ነጋዴው ሒሳብ ያውቃል። ሎሚ ሊጓዝ የሚችለው ጓሮ ላይ ክብደቱን ከጣለ ብቻ ነው፦ ውሃው ቀንሶ፣ ልጣጩ ደርቆ፣ ወይም ስኳርና ጨው ገብቶበት ዋጋው ከኪራዩ ሲበልጥ።

*

የሚጫነውም ቢሆን አለቃቀሙ ይገድለዋል። ዛፉ እሾሃም ነውና በዘንግ ይረገፋል። መሬት ላይ የፈረጠው ከዳነው ጋር አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል፤ ሻጋታ በቁስል ነው የሚገባው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገርም ጊዜ አይወስድበትም። ሎሚ ከነትንሽ ግንዱ በመቀስ ወይም በምላጭ ሲቆረጥ ነው የሚቆየው፤ ተነጭቶ ሲወጣ ከላይ የሚቀረው ቀዳዳ የመበስበሻ በር ነው።

ሌላም አለ፤ ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የካፋ ጠዋት ጉም ነው። በጤዛ የራሰና ውሃ የጠጣ ልጣጭ ሲነካ በውስጡ ያለው ዘይት ይፈነዳና ራሱን ልጣጩን ያቃጥለዋል፤ በማግስቱ ፍሬው ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቶ ይገኛል። ገዢው በሽታ ነው ይላል። በሽታ አይደለም፤ ለቃሚው ማልዶ ነው። ሎሚ ረፋዱን አሳልፎ፣ ጤዛው ሲደርቅ ይለቀማል። ማለዳ መነሳት የሚያስወቅስበት ሌላ ሥራ አላውቅም።

*

በዚህ መንገድ ላይ ሎሚ ክብር የሚያገኝበት አንድ ቦታ አለ፤ አውቶብስ ውስጥ። ከጅማ ሲመጡ የጎጀብ ቁልቁለት ሲጀምር “ሎሚ ያላችሁ?” የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከሦስት ወንበር እጅ ይዘረጋል። የማይተዋወቅ ሰው አንዱን ሎሚ ተቀባብሎ ያሸታል። ልብ ብሎ ያየ ካለ፣ የሚያድነው ጭማቂው አይደለም። ተሳፋሪው በጥፍሩ ጫር የሚያደርገው ልጣጩን ነው፤ መዓዛው ያለው እዚያ ባሉት የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። ቤት ስንደርስ ግን ጨምቀን መጀመሪያ የምንጥለው ያንኑ ልጣጭ ነው።

*

“ድሮ ብርቱካን ነበረን” የሚሉ አዛውንት በደቡብ ምዕራብ ከተሞች አይጠፉም። ውሸት አይደለም። ሱዶሰርኮስፖራ አንጎሌንሲስ የሚባል ፈንገስ አለ፤ አንጎላ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተለይቶ የታወቀ፣ አገራችን ከገባም ከ30 ዓመት በላይ የሆነው። እርጥበትና ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል፤ ማለትም ካፋን የመሰለ አገር። ብርቱካኑን፣ መንደሪኑን፣ ግሬፕፍሩቱን ቅጠሉንም ፍሬውንም በነጠብጣብ ይጨርሳል። ከዘመዶቹ ሁሉ ይበልጥ የሚቋቋመው ያ የኛው ደቃቃ ሎሚ ነው። ስለዚህ ጓሮውን የሞላው የባለቤቱ ምርጫ አይመስለኝም፤ ሌሎቹ ሲሞቱ እሱ ቀረ።

*

የሎሚ ጣዕም ያለው ለስላሳ በሣጥን ተጭኖ ሺሺንዳ ይገባል፤ የሚጠጣው ሎሚ ከረገፈበት ግቢ ፊት ለፊት ነው። የመጠጡ ኮምጣጣነት ከሎሚ የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ድሮ አልነበረም ማለት አይደለም። ካርል ቪልሄልም ሼለ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1784 ሲትሪክ አሲድን ከሎሚ ጭማቂ ለይቶ ካወጣ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ዓለም አሲዱን የሚያገኘው ከሎሚ ነበር፤ ሲሲሊም በዚያ ንግድ ትኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ጄምስ ከሪ የተባለ ተመራማሪ ስኳር እየበላ አሲዱን የሚያመርት ጥቁር ሻጋታ ላይ ሥራውን አወጣ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ፋይዘር በፋብሪካ ማምረት ጀመረ። የሲሲሊ ገበያም ተዘጋ። እንግዲህ ሻጋታ ከዛፉ ሥር ሎሚያችንን ይበላል፣ ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ኮምጣጣውን ሠርቶ ይሸጥልናል።

*

ውሽውሽ ሻይ አፍንጫችን ሥር እየበቀለ ሻይ ቤቱ “ሻይ በሎሚ” የሚለውን እንደ ልዩ ትዕዛዝ ያስከፍላል። ጭማሪዋ ለሎሚዋ ሳይሆን ለመቁረጧ ትሆናለች። ሻዩ ላይ ጠብ ሲል ቀለሙ የሚነጣው ስለቀጠነ አይደለም፤ የሻዩ ቀለም ኮምጣጣ ሲነካው ስለሚለወጥ ነው። “ውሃ ጨመርክበት” ብሎ የሚጣላ ደንበኛ አይቻለሁ።

*

ለትርፍ ሎሚ የሚሰጠው ምክር ሁሉ፣ ጭመቂው፣ ቀቅዪው፣ ጠርሙስ ውስጥ ክተቺው፣ የሚናገረው ለሴት ነው። ከሰዓት በኋላዋ ባዶ የሆነ፣ ማገዶዋ የተፈለጠ፣ ውሃዋ የተቀዳ ሴት። ያቺን ሴት ሺሺንዳ ላይ አላገኘኋትም። ቡና በሚለቀምበት ሰሞንማ ጭራሽ! ቀን ለቀማ፣ ማታ ቆጮ፣ በመሃል ልጅ። ምክር ሰጪዎቹ ስለ ሎሚው ብዙ ያውቃሉ።

ስለዚህ ከምክሮቹ ሁሉ የማደንቀው ጊዜ የማይበላውን ነው፤ እሱም ጨው ነው። ሎሚውን አጥቦ ማድረቅ፤ ሥሩን ሳያለያዩ ከአራት መሰንጠቅ፤ ስንጥቁ ውስጥ ጨው መጠቅጠቅ፤ ጠርሙስ ውስጥ ደርድሮ ጭማቂው ወጥቶ እስኪሸፍነው ወደ ታች መጫን። የጨው ልኩ የሎሚው ክብደት ሩብ ያህል ነው። እሳት የለው፣ ማማሰል የለው። በወር ገደማ ልጣጩ ይለሰልሳል፤ ምሬቱ ይለዝባል፤ ያን ጊዜ የሚበላው ልጣጩ ነው። የሞሮኮ ሰው ከዶሮ ጋር ያበስለዋል፣ የሕንድ ሰው በርበሬ ጨምሮ አቻር ይለዋል። ካፋ ደግሞ ቆጮና ጎመን አለው፤ ገበያው ላይ ጥምዝና ኮረሪማ አለው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ቀጭን ቀጭን ተከትፎ ጎመን ላይ ጣል ይደረግ፤ ያልወደደው ይመስክር።

ለጀማሪ ደግሞ ከሎሚ የሚሻል መለማመጃ የለም። ታሽጎ በተቀመጠ ምግብ ውስጥ ሰው የሚገድለው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ኮምጣጣ በሆነ ነገር ውስጥ አይራባም፤ ሎሚ ደግሞ ከሚፈለገው በብዙ እጥፍ የኮመጠጠ ነው። ቲማቲም ያስፈራል፣ ባቄላ ያስፈራል። ሎሚ የሚሻግተው ከጨው ውሃው በላይ ብቅ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ዓይን እያየው ነው።

*

ዓረብ አገር ሠርተው የተመለሱ ሴቶች በየቀበሌው አሉ። ኩዌት ወይ ዱባይ ማድ ቤት ውስጥ ዓመታት ያሳለፈች ሴት የደረቀ ጥቁር ሎሚ ታውቃለች፦ በጨው ውሃ ተቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ ጠቁሮና ቀልሎ፣ ወጥ ውስጥ ተበስቶ የሚገባ። እያንዳንዱ በገንዘብ የሚገዛ። አንዷ “እሜቴ እንዳይባክን ትቆጥረው ነበር” ብላኛለች፤ ይህን ስትለኝ እግሯ ሥር የወደቀውን ሎሚ በጫማዋ ገፋ እያደረገች ነበር። ለምን እዚህ አትሠራም? እሷ የሰጠችኝ መልስ ትክክል ነው፤ ፀሐይ የለም። ዝናብ ከዓመቱ አብዛኛውን በሚወስድበት አገር ሎሚ ከመድረቁ በፊት ይሻግታል። ፀሐዩ በሚገኝባቸው ጥቂት ወራት ደግሞ የማድረቂያው አልጋ በቡና ተይዟል፤ ቡና አጠገብ ሎሚ ማስጣት ደግሞ ሽታ የሚስብ ነገር አጠገብ ሽታ ማስቀመጥ ነው፤ ማንም አይፈቅድም፣ መፍቀድም የለበትም። እንግዲህ ከምድጃ በላይ ያለው ቆጥ ነው የቀረው። ጭስ የለመደ ነገር ሁሉ እዚያ ይደርቃል፤ በቀጭኑ የተከተፈ ልጣጭም ይደርቃል። የጭስ ጣዕም ይይዛል እንዴ? ይይዛል። በርበሬው መቼ ተወው!

*

ማርማላታ ስንል ለብዙዎቻችን መርቲ ነው፤ ከአዋሽ ዳር ብርቱካን የተሠራ። የቤት ማርማላታ የሞከሩ ሰዎች የሚያማርሩት “አልረጋ አለኝ፣ ልጣጩም ገመድ ሆነ” ብለው ነው። ገመድ የሚሆነው ስኳሩ ቀድሞ ስለገባ ነው፤ ስኳር ከገባ በኋላ ልጣጭ አይለሰልስም። መጀመሪያ በውሃ ብቻ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ይቀቀላል። የሚያረጋው ነገር ፔክቲን ነው፤ እሱ ያለው ጭማቂው ውስጥ ሳይሆን በሎሚዋ ዘርና በነጩ ሥጋ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ዘሯ በጨርቅ ተቋጥሮ አብሮ ይቀቀላል፣ በኋላ ይጨመቃል።

ከመጽሐፍ አይተው በቴርሞሜትር ለሚሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። መጻሕፍቱ 104 ወይም 105 ዲግሪ ላይ አውርዱ ይላሉ። ያ የባሕር ዳርቻ ሰው ልክ ነው። በቦንጋ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ እዚህ 98 ወይም 99 በቂ ነው፤ 105 የጠበቀ ሰው ማርማላታ ሳይሆን ከረሜላ ያወጣል።

*

ድስቱም ጉዳይ ነው። በየቤቱ ያለው የአሉሚኒየም ድስት ነው፤ የሎሚ ኮምጣጣ ደግሞ አሉሚኒየም ይበላል። ድስቱ ጥርት ብሎ ሲነጻ “ሎሚ እንዴት ያጸዳል!” ይባላል፤ የጸዳው የት እንደሄደ የሚጠይቅ የለም። የማይዝግ ብረት ወይም በአግባቡ የተሟሸ ሸክላ ይሻላል።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ይህን ዓይነት ትምህርት በውድ ገዝቶታል። ጄምስ ሊንድ የተባለው የመርከብ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1747 ድዳቸው የሚደማ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ የተለያየ ነገር ቢሰጣቸው ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ቶሎ ዳኑ። ባሕር ኃይሉ ለመርከበኛው ሁሉ የሎሚ ጭማቂ ማደል የጀመረው በ1795 ነው፤ 48 ዓመት አሰበበት። ቆይቶ ደግሞ ትልቁን የሜዲትራኒያን ሎሚ ትቶ በካሪቢያን ደሴቶች ወደሚበቅለው ደቃቃ ሎሚ ዞረ። ያኛው ቫይታሚን ሲው ያነሰ ነበር፤ ጭማቂው በመዳብ ቧንቧ ሲያልፍም የነበረችው ጠፋች። እ.ኤ.አ. በ1875 ወደ ሰሜን ዋልታ የወጡት ሰዎች ጭማቂ እየጠጡ በዚያው ድድ በሚያደማ በሽታ ተመቱ። ያ ደቃቃ ሎሚ የጓሯችን ሎሚ ወንድም ነው። ጣዕሙ ኮምጣጣ ስለሆነ ብቻ ውስጡ ሁሉ አለ ማለት አይደለም፤ የተቀቀለውና የቆየው ለጣዕም ነው፣ ለጤና ከሆነ ትኩሱ ምግብ ላይ ይጨመቅ።

*

የት ላይ ከተባለ ደግሞ ምስር ላይ፣ ጎመን ላይ፣ ሽሮ ላይ። በእህልና በቅጠል ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት አስቸጋሪ ነው፤ ቫይታሚን ሲ አብሮ ሲገባ የሚወሰደው ይጨምራል። አዚፋ ላይ ሎሚ የጨመሩት ሴቶች ይህን ላቦራቶሪ አልነገራቸውም። ከገበታው ሳይነሱ የሚቀዳው ቡና በበኩሉ ያንኑ ብረት ይከለክላል። ካፋ ውስጥ ቡናውን አንድ ሰዓት አዘግዩት ብሎ መምከር ግን የኔን ያህል ድፍረት ይጠይቃል፤ እኔም በጽሑፍ ነው የተናገርኩት።

*

ሎሚ ላይ የሚለጠፈው ጀብዱ በዛ። ቲክቶክ ላይ በባዶ ሆድ ከሙቅ ውሃ ጋር ቦርጭ ያጠፋል፤ ጠጪው ከሎሚው ይልቅ ቁርሱን ስለተወ ነው የቀነሰው። ጥሬ ሥጋ ላይ ሲጨመቅ ኮሶ ይገድላል ይባላል፤ የሥጋውን መልክ ይለውጣል እንጂ ሥጋው ውስጥ በከረጢት የተሸሸገውን የትሉን እጭ አይነካውም። ለማድያት ፊት ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ደግሞ ከንቱ ብቻ ሳይሆን ጉዳት ነው፦ የሎሚ ጭማቂና ልጣጭ ቆዳን ለፀሐይ አጋልጦ የሚያቃጥል ነገር አለው፤ የሚወጣው ጠባሳ ለወራት ይቆያል። ሲጨምቁ ውለው እጃቸውን ሳይታጠቡ ቡና ለቀማ የሚወጡ ልጆች እጅ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው መጸዳጃ ቤት ውስጥ “ይበልጥ እንዲያጸዳ” ተብሎ በረኪና ላይ መጨመሩ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። ሳንባ ይበላል። ይህ ቀልድ የለበትም።

*

ጥምቀት ላይ ጎረምሳው የወደዳትን በሎሚ መምታቱ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሎሚው ተገዝቶ፣ ተመርጦ፣ አንዳንዴም ስም ተጽፎበት ነው የሚወረወረው፤ ቢያንስ ዋጋ ወጥቶበታል። እዚህ ጓሮው ሎሚ የሞላው ጎረምሳ ጓሮዋ ሎሚ የሞላውን ልጅ ሲመታ ምን እንዳወጣ አይገባኝም። ማር ይወርውር።

*

እድር ድንኳን አለው፤ ትልልቅ ድስት፣ አግዳሚ፣ ሰሃን አለው፤ ማንም ብቻውን የማይገዛውን በጋራ ገዝቶ ያስቀምጣል። የብረት መጭመቂያ ማሽንና ሁለት መቶ ባለ ክዳን ጠርሙስ ከአንድ ድንኳን አይበልጡም። ጨዋታው ላይ አንስቼው “የለቅሶ ዕቃ ቤት ውስጥ የሎሚ መጭመቂያ?” ብለው ሳቁብኝ። ጠርሙስ ግን በእውነት የለም። ማር የሚሸጠው በሃይላንድ ነው፣ ዘይት በጀሪካን፣ ፕላስቲክ ደግሞ ትኩስ ነገር አይችልም። አንድ ባዶ የመርቲ ጠርሙስ ከነክዳኑ ለሦስተኛና ለአራተኛ አገልግሎት ሲዋሱት አይቻለሁ፤ ከጎኑ ሎሚው በነጻ ነው።

*

የተጨመቀው ልጣጭም ሥራ አለው። ሻይ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከሠራ ግማሽ ውሃና አንድ እፍኝ ልጣጭ አፍልቶ ማሳደር ይበቃል፤ ጠዋት ቅርፊቱ በጨርቅ ይለቃል። የዛገ ቢላዋ በጨውና በሎሚ ልጣጭ ይፈተጋል። አቼቶ ውስጥ ሁለት ሳምንት የተዘፈዘፈ ልጣጭ የመስኮትና የወለል መወልወያ ይሆናል። ጀበናን ግን በሎሚ የሚያጥብ አይኑር፤ ሸክላ ሽታ ይጠጣል፣ ለሚቀጥለው ቡናም መልሶ ያጠጣል። ካፋ ውስጥ ያንን ስኒ ዝም ብሎ የሚጨርስ እንግዳ አይመጣም።